የአትጠገብ አፍንጫና የጋሽ ዘመንፈስቅዱስ ዲኤክስ

ዲላ ውስጥ የሚወራው እንዲህ ነው። የመኪና ኤሌክትሪሺያኗ አትጠገብ ብልሽት የምታገኘው በአፍንጫዋ ነው። ኮፈኑን ታስከፍታለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ፊቷን እንደተጨመቀ ሎሚ ታኮማትራለች፤ አለቀ። የትኛው ሽቦ እንደነደደ፣ መቼ እንደነደደ፣ ሲነድ ሹፌሩ ምን እየበላ እንደነበር ጭምር ታውቃለች። ነፋሱ በዚያ በኩል ከነፈሰማ ጨለለቅቱ ላይ የተቃጠለ ፊውዝ ዲላ ቁጭ ብላ ይሸታታል ይላሉ። አፍንጫው የዘር ነው፤ አባቷ አሪቻ ውስጥ ስመ ጥር ቡና ቀማሽ ናቸው፤ አንዲት ማንኪያ አሽትተው ቡናው የተለቀመበትን ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር የተኛውን ውሻ ቀለም ሳይቀር ይናገራሉ። በእጇ የምታንጠለጥላት ባለ ሽቦ አምፖልም ለማስመሰል ናት እንጂ ሥራ የላትም።

ይህን ወሬ በዋናነት የሚያከፋፍለው የባጃጅ ሹፌሩ አማኑ ነው። አማኑ ከሰው ይልቅ ወሬ ያመላልሳል፤ ወሬው ላይ ትርፍ ሲጭን ደግሞ የሚያስቆመው ትራፊክ የለም።

እኔ ግን ነገሩን እጠራጠር ነበር። የወይዘሮ ድንቅነሽ ካፌ በረንዳ ከጋራዡ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ የአትጠገብን አፍንጫ በየቀኑ በነፃ እናያለን። የምትሠራበት ጥግ የተቃጠለ ዘይትና የሥጋ ቤት እጣቢ በአንድ ቦይ የሚፈስበት ነው። ሌላው መካኒክ ምሳውን ይዞ ይሸሻል፤ እሷ ቦዩ አፍ ላይ ተቀምጣ እንጀራዋን በሰላም ትጠቀልላለች። አንድ ቀን ደግሞ የካፌው ወተት ተበላሽቶ በረንዳው ሙሉ ማኪያቶውን መለሰ። አትጠገብ የራሷን እስከ ጭላጩ ጠጥታ "አንድ ድገሚኝ" አለች። ጨለለቅቱ ድረስ የሚደርስ አፍንጫ፣ ከሥሩ ያለውን ብርጭቆ እንዴት አለፈው?

ለማንኛውም፣ ሴትዮዋ ይህች ናት። አጭር፣ ደንዳና፣ ሰማያዊ ቱታ ለባሽ። ሙያውን የጀመረችው አሪቻ በሚገኝ አንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ውስጥ ነው። የመፈልፈያው ጄኔሬተር በለቀማ ወራት ሲቆም፣ ሁሉም ወደ ሰማይ ሲያይ እሷ ወደ ሽቦው አየች፤ ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ከሽቦ አላነሳችም። ዲላ ስትመጣ ከጋራዡ አጥር ጥግ አንድ ቆርቆሮ ጥላ ተከራየች። ፀባይ እንደሆነ አትጠይቁኝ። አትጠገብ ሰው ትጸየፋለች። ሁሉንም አይደለም፤ መኪና ያላቸውን ብቻ።

ምክንያት አላት። ከቆርቆሮው ላይ አንድ ጣውላ ምስማር አስመትታ፣ በፊውዝ ፋንታ ከየመኪናው ሆድ ያወጣችውን ነገር ሁሉ ሰቅላበታለች። የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት አለ። ቆርኪ አለ። የማንኪያ እጀታ አለ። የፀጉር ሹካ አለ። አንድ የጆሮ ጉትቻ አለ፤ ባለቤቲቱ ባሏን ገና እየጠየቀች ነው። ሹፌሮች ጣውላውን "ሙዚየሙ" ይሉታል፤ እሷ "ነውራችሁ" ትለዋለች።

"ፊውዝ እንዲሞት የተፈጠረ ነገር ነው፤" ትላለች፣ ፊቷን አኮማትራ። "አንድ ቦታ ሽቦ ሲነካካ እሱ ቀድሞ ይሞትና መኪናው ይተርፋል። እናንተ ግን የሚሞትላችሁ አትወዱም። ሚስማር ታስገቡና መኪናው ራሱ ይሞታል። ከዚያ እኔ ጋ ሬሳ ትጎትታላችሁ።"

አማኑ ፊቷን አይቶ በክርኑ ይጎስመናል። "እየሸተታት ነው፤ ዝም በሉ!"

እንግዲህ ባለፈው ለቀማ ሰሞን ነው፣ እህል ነጋዴው ጋሽ ዘመንፈስቅዱስ አሮጌ ዲኤክሳቸውን እያስጨሱ የመጡት። ዲኤክሷ ከልጃቸው ከልዑልሰገድ በዕድሜ ትበልጣለች፤ በፍቅርም ትበልጠዋለች የሚሉ አሉ። ጋሼ ስለ እሷ ሲያወሩ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ።

ችግሩ ግን ከመኪናው በላይ ነበር። ልዑልሰገድ ይርጋጨፌ ያለች ፍሬ የምትባል ልጅ ወዷል፤ ልጅቱም ወዳዋለች፤ የቀረው ሽማግሌ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። አባት ለልጁ ሽማግሌ ሆኖ አይገባምና ጋሼ ሹፌር ሆነው ከበር ውጭ ጠበቁ። ውስጥ "አስበን እንነግራችኋለን፤ ቅዳሜ ተመለሱ" ተባለ፤ ወግ ነው፣ ደህና ነው። ሽማግሌዎቹ ካባቸውን ሰብስበው መኪናው ውስጥ ገቡ። ጋሼ ቁልፉን አዞሩ። ዲኤክሷ ጭጭ። መብራት የለ፣ ሞተሪኖ የለ፣ ትንፋሽ የለ። የፍሬ ወንድሞች ወጥተው፣ እህታቸውን ሊጠይቅ የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ ከነካባው፣ ከነመኪናው እየገፉ አስፋልት ዳር እስካለ ጎማ ጠጋኝ አደረሱት። የልጅቱ አባት ከበር ላይ ሆነው፣

"የቅዳሜው በራሳችሁ ጉልበት ይሁን!" አሉ።

ጋሼ ደማቸው ፈላ። "በዚችው መኪና! ሳትገፋ! ካልሆነ ልጄ ይቅርበት!" ብለው መሐላ አወረዱ።

ልጁ ዱርዬ ቢሆን ኖሮ ደስ ይለው ነበር፤ ጨዋ ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ አለቀሰ። "አባዬ፣ ኮንትራት መኪና እንያዝ።" "ምያለሁ!" "አባዬ፣ ሚኒባስስ?" "ምያለሁ አልኩህ!" ቀጠሮውን ካልደረሱ ልጅቱን እንደናቁ ይቆጠራል፤ ተገፍተው ከደረሱ ለዘላለም ይሳቅባቸዋል። እንግዲህ የሁለት ሰው ትዳር በአንዲት ፊውዝ ላይ ተንጠልጥሎ አትጠገብ ጋ ደረሰ።

ኮፈኑ ተከፈተ። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ፣ በአንዲት የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ የመኪናው መብራት ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። አትጠገብ ሳጥኑን ከፈተች። ፊቷ ተኮማተረ። አማኑ "ጀመረች!" አለ።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ሽቦ ነዋ።"

"የምን ሽቦ?"

"እኔ ምን አውቅልሻለሁ። የይርጋጨፌው ጎማ ጠጋኝ ነው ያስገባው። ጠንካራ ነው፣ አይቃጠልም አለኝ።"

በመቆንጠጫ ጎትታ አወጣችው። "የቡና ማስጫ አልጋ ሽቦ ነው! ቡና የሚሰጣበት ወንፊት! ገለፈቱ እንኳን አልተላጠም!" ለሰው ሁሉ እያዞረች አሳየች። "ሰውዬው አልዋሸዎትም። እሱ አይቃጠልም። የሚቃጠሉት እርስዎ ነዎት፣ ከነሽማግሌዎችዎ።"

"በስመ አብ በይ ልጄ!"

"እርስዎ ይበሉ። ከይርጋጨፌ ዲላ ድረስ በእሳት ላይ ተቀምጠው ነው የመጡት።"

ሽቦውን ጣውላው ላይ ከጉትቻው አጠገብ ሰቀለችው። ትክክለኛ ፊውዝ አስገባችና የፊት በሩን ከፈተች። በዚህ ጊዜ ነው ሽታው የወጣው።

ስለዚያ ሽታ ብዙ ብናገር ማጋነን ይሆንብኛል። በረንዳው ላይ የነበርነው ሳምቡሳችንን ጥለን ተነሳን። አንድ ፖሊስ ኮፍያውን አፍንጫው ላይ ደፋ። ከመንገድ ማዶ የታሰረ አህያ ገመዱን በጥሶ ወደ ወናጎ አቅጣጫ ሄደ ይባላል። ጋሼ ብቻ "የመኪና ሽታ ነው" አሉ፣ በመሐረብ ታፍነው።

አትጠገብ ግን በባዶ እጇ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ገባችና፣ ጋሼ መጋዘን ያስቀመጡትን መርዝ ቀምሳ እዚያ የሞተች፣ ድመት የምታህል አይጥ በጅራቷ ይዛ ወጣች። የአልጋውን ሽቦ ያየችበት ፊት እና አይጧን ያየችበት ፊት አንድ ነበር። እንዲያውም ለሽቦው ትንሽ የባሰ ነበር።

"አሸተተቻት! አላልኳችሁም?" አማኑ ባጃጁ ላይ ቆሞ ጮኸ።

ያንን ሽታ ለማግኘት ልዩ አፍንጫ አያስፈልግም ነበር፤ አፍንጫ መኖሩ ብቻ ይበቃ ነበር። ግን ማን ይሰማኛል?

አይጧ ሽቦዎች በጥሳ ነበር። አትጠገብ የተበሉትን በጥቁር ናስትሮ ጠቀለለችና "ሌባዋ እሷ ናት፤ ሂዱ" አለች። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው መረቋት፤ ዲኤክሷ ተነሳች፤ ጎረቤቱ አጨበጨበ። ከታክሲ ተራው በፊት ያለችውን የመጀመሪያዋን ጉብታ ሲወጡ መኪናዋ እንደገና ጭጭ አለች። አማኑ በገመድ አስሮ እየጎተተ መለሳቸው፤ እየጎተተም ለመንገደኛው ሁሉ ያብራራል።

አትጠገብ ሳጥኑን ስትከፍት አዲሱ ፊውዝ ሞቶ ነበር። የዚያን ቀን ፊቷን ያየ ከምሳ ይጾማል። ይህኛው ጥላቻ ለራሷ ነበር። "አይጥ አየሁና እንደ አማኑ ጮቤ ረገጥኩ። ቆሜ አላሰብኩም።" ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረች። "ጋሼ፣ ፊውዙ መኪናው ቆሞ አይሞትም፤ ሲነቃነቅ ነው የሚሞተው። አንድ ቦታ የሚላላጥ ሽቦ አለ። በቅርቡ ምን ጨመሩበት? ሬዲዮ? መብራት?"

"ምንም።"

"እውነቱን ይንገሩኝ። ከምሽት በፊት እንጨርስ።"

ጋሼ በዓይናቸው ጫፍ ወደ ካፌው በረንዳ ሰረቅ አድርገው አዩ። ወይዘሮ ድንቅነሽ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ በሩን ተደግፋ ትሰማለች። ወይዘሮ ድንቅነሽ የካፌው ባለቤት ብቻ አይደለችም፤ የፍሬ እናት እህት ናት። ዲላ ላይ የተነፈሱት ነገር በእሷ ስልክ ይርጋጨፌ ለመድረስ ከመብረቅ ይፈጥናል።

"ምንም አልጨመርኩም አልኩሽ!" አሉ ጋሼ። "ደግሞ አንቺ አይደለሽ እንዴ የምታሸችው? አሽተሽ ድረሺበታ!"

"አሽተሽ!" አለ ሕዝቡ።

አትጠገብ መቆንጠጫውን ወረወረችው። "ይሄ ነው የሚያስጠላኝ! ሐኪም ቤት ሄዳችሁ 'የት ጋ ነው የሚያምህ' ስትባሉ 'አሽተህ ድረስበት' ነው የምትሉት? ያደረጋችሁትን ትደብቃላችሁ፣ ሹፌሩ ይደብቃል፣ ባለቤቱ ይደብቃል፣ ከዚያ መኪናው ይናዘዝልኝ?"

አባቱን ተከትሎ የመጣው ልዑልሰገድ የመኪናው የኋላ ኮፈን ላይ ግንባሩን ደፍቶ ያቃስታል። ነገ ዓርብ ነው።

በመጨረሻ ያቺን ለማስመሰል ናት የተባለችውን አምፖል አመጣች። የሞተውን ፊውዝ አውጥታ ሁለቱን የአምፖሏን ሽቦዎች በቦታው አሰረች። መኪናው ውስጥ ያለውን ሁሉ አጠፋች። አምፖሏ ጨለማ።

"አሁን መኪናው ምንም መብራት መብላት የለበትም፤" አለች። "ይህች ከበራች አንድ ቦታ ላይ መብራቱ በሽቦ ሳይሆን በብረቱ በኩል እያመለጠ ነው ማለት ነው። አማኑ! አፍህን ዘግተህ መኪናውን አወዛውዝ። ሁላችሁም!"

እኛም ሳምቡሳችንን ለሁለተኛ ጊዜ ትተን ዲኤክሷን እንደ ሕፃን አልጋ አወዛወዝናት። አምፖሏ ብልጭ አለች፣ ጠፋች። ብልጭ። አትጠገብ በአንድ ዓይኗ አምፖሏን እያየች፣ በእጇ የሽቦውን እሽግ ከባትሪው ጀምራ እየነቀነቀች ሄደች። እዚህ ምንም። እዚህም ምንም። እሽጉ ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ የሚገባበትን የብረት ግድግዳ ስትነካ አምፖሏ ቦግ ብላ በራች፤ አልጠፋችም።

ከእነዚያ ዕድሜ ካጠቆራቸው ሽቦዎች መካከል አንዲት ቀጭን፣ ቀይ፣ አዲስ ሽቦ በተበሳ ቀዳዳ በኩል ወደ ውስጥ ትገባለች። ቀዳዳው ጎማ አልተደረገበትም። የብረቱ ጠርዝ በየጉብታው እንደ ቢላዋ ልጧታል።

"ይህች ቀይ የማን ናት?"

ጋሼ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፉ።

"የማንም ካልሆነች እቆርጣታለሁ።"

"አትቁረጫት!" አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

"ምንድን ናት ታዲያ?"

"ትንሽዬ... ትንሽዬ ነገር ናት። ጨለለቅቱ እህል ልጭን ሄጄ... አንዱ ሲያስገጥም አይቼ..."

አትጠገብ አልጠበቀችም። ሽቦዋን ነቅላ ጫፏን ባትሪው ላይ ነካ አደረገች።

ክላክስ ዘፈነ። ተራ ክላክስ አይደለም። የሙሽራ ዘፈን ዜማ፣ ከነአዝማቹ፣ የከተማውን መስኮት በሙሉ በሚያርገበግብ ድምፅ! ሽንኩርት ተሸክማ የምታልፍ ሴት ሳታስበው እልል አለች። ከጋራዡ ውስጥ አንድ ሰው አጨበጨበ። ልዑልሰገድ መኪናው ሥር መግባት ፈለገ፤ ቦታ አልነበረም።

ነገሩ ወዲያው ገባን። ጋሼ ከበር ውጭ ሆነው "ሰጥተናል" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ሊለቁት ነው ያስገጠሙት። ያውም ከመጀመሪያው ሽምግልና በፊት! ልጅ ሳይጠይቁ ክላክስ ገዝተዋል።

ወይዘሮ ድንቅነሽ በሌላ ቀን "ጋሼ፣ እርስዎ" ነው የምትላቸው። በዚያን ቀን ፎጣዋን እያወዛወዘች መንገዱን ስታቋርጥ ግን፣

"ዘመንፈስቅዱስ! ማን ሰጠህና ነው የምትዘፍነው?"

"ለ... ለሙከራ ነው እትዬ..."

"ያቺን ልጅ እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግኋት! 'አስበን' ተባለ እንጂ 'ውሰድ' ተባለ? እህቴ ትስማ ብቻ፣ ቅዳሜ በሩ ከተከፈተልህ እኔ ድንቅነሽ አይደለሁም!" ስልኳን አወጣች።

ልዑልሰገድ በጉልበቱ ተንበረከከ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልበሱ ጠፋባቸው። መንገዱ ሁሉ የወይዘሮ ድንቅነሽን አውራ ጣት ያያል።

"እትዬ፣ ቆይ፤" አለች አትጠገብ። እጇን ቱታዋ ላይ እየጠረገች መጣች። "ነውር ነው። እኔንም ቀፎኛል። ግን ነውር የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ልጁ ምን አደረገ? ክላክሱን ነቅዬ ለእርስዎ እሰጥዎታለሁ። ቅዳሜ አብረው ይሂዱና ጭንዎ ላይ ይያዙት። ከሰጧቸው ያስጩኹት። ካልሰጧቸው ስትመለሱ ወንዝ ውስጥ ይጣሉት።"

ወይዘሮ ድንቅነሽ አውራ ጣቷን ከስልኩ አነሳች። "ማን ጠርቶኝ ነው ደግሞ አብሬ የምሄደው?"

"እኔ!" አሉ ጋሼ፣ ቃሉ ሳያልቅ። "ከፊት ወንበር! ሽማግሌዎቹ ከኋላ ይጣበቁ!"

ለካ የእህቷ ልጅ ስትጠየቅ ማንም ሳይነግራት መቅረቱ ነበር ዋናው ቁስል። ስልኩ ኪስ ገባ።

አትጠገብ ክላክሱን ነቀለች። ቀዳዳው ላይ ጎማ አድርጋ እሽጉን አስተካከለች፤ አምፖሏ እስክትጨልም ድረስ እንደገና አወዛወዘችን። ዋናውን ፊውዝ መለሰች። ክላክሱ ላይም ለብቻው አንዲት ትንሽ ፊውዝ አሰረችና፣ እየተጸየፈች በፌስታል ጠቅልላ ለወይዘሮ ድንቅነሽ ሰጠች። "እሳቸው እጃቸው አያርፍም፤" አለች፣ በአገጯ ጋሼን እያሳየች። "ሲነካኩት ይህች ትሙት፤ መኪናው ይትረፍ።"

ቅዳሜ ዲኤክሷ በራሷ ጉልበት ይርጋጨፌ ገባች። የፍሬ ወንድሞች እጅጌያቸውን ሰብስበው በር ላይ ይጠብቁ ነበር፤ ሳያዝኑ አልቀሩም። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ ወይዘሮ ድንቅነሽ ከነፌስታሏ በጓዳ በኩል ገባች፤ ጋሼ ከውጭ መሪውን ጨብጠው ላባቸውን ጠረጉ። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ወይዘሮ ድንቅነሽ በዋናው በር ብቅ አለችና ፌስታሉን እንደ ዋንጫ ከፍ አደረገችው።

ጋሼ ክላክሱን ተቀብለው ኮፈኑን ከፈቱ፣ ሽቦውን ባትሪው ላይ አገናኙ። ዜማው ተጀመረ። እልልታ! ጋሼ በደስታ ሊጨፍሩ ሲሉ ሌላኛው ሽቦ ከእጃቸው አምልጦ የመኪናውን ብረት ነካ። ጧ! ክላክሱ መሃል ዘፈን ላይ ጸጥ አለ። የልጅቱ አባት ወደ ልጆቻቸው ዞረው "ግፉላቸው" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ጋሼ ገብተው ቁልፉን አዞሩ። ዲኤክሷ ተነሳች። ትንሿ ፊውዝ ነበረች የሞተችው።

ሰኞ ዲላ ላይ ወሬው አድጎ ጠበቀን። አማኑ እንደሚለው አትጠገብ መልሱ "እሺ" እንደሚሆን ሐሙስ ዕለት ከሽቦው ላይ አሽትታ ነበር፤ ትንሿን ፊውዝም ያሰረችው ጋሼ ሊጨፍሩ እንደሆነ ሸትቷት ነው። አሁን ልጃገረዶች የእጮኛቸውን ጃኬት ይዘው ይመጡላታል። አንዱ ጎረምሳ የፈተና ወረቀቱን አምጥቷል።

እኔም መንገዱን ተሻገርኩ። አትጠገብ ከአንድ ፒክአፕ ሆድ ውስጥ የታጠፈ ቆርኪ እያወጣች፣ ፊቷን እንደ ልማዷ አኮማትራ ነበር። ስለ አፍንጫው፣ ስለ አባቷ፣ ስለ አምፖሏ የሚባለውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

"አባቴ ቡና ቀምሶ አያውቅም፤" አለች። "የማጠቢያው ዘበኛ ነው፤ የሚጠጣው ሻይ ነው። አምፖሏ ለማስመሰል አይደለችም፤ ብልሽቱን የምታገኘው እሷ ናት። አፍንጫዬ ደግሞ ከተወለድኩ ጀምሮ ምንም አይሸተውም። ሽቶም፣ ነዳጅም፣ የሞተ አይጥም።"

"ታዲያ ፊትሽን የምታኮማትሪውስ?"

ቆርኪውን ጣውላው ላይ ሰቀለችው።

"ስለምትቀፉኝ ነው።"